የጌታው ድርሻ

ሚስተር ብራክስተን የሚናገሩት እንግሊዝኛ የካልጋሪ እንግሊዝኛ አልነበረም። የእኔ እንግሊዝኛ ከሱዳን ካምፕ ጀምሮ በየሥራ ቦታው የተለቃቀመ ነው፤ ያም ሆኖ የሳቸው ለየት ያለ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ሻይ ሳቀርብላቸው እንደ ሰው "ታንክዩ" አይሉም። ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው አንድ ረጅም ነገር ይናገራሉ፤ እኔ ደግሞ የሰደቡኝ መስሎኝ ኮስተር ብዬ እወጣለሁ። ኋላ ብጠይቅ ለካ ምርቃት ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠና ሦስት ነው። የሆም ኬር ኤጀንሲው ሰውነታቸውን እንዳጥብ፣ ምግብ እንዳበስል፣ ልብሳቸውን እንዳጥብ ማውንት ሮያል የሚባል ሰፈር ያለው ትልቁ የድንጋይ ቤታቸው ላከኝ። አባታቸው የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ነበሩ። እዚያ አገር ርስቱን ሁሉ የሚወስደው የመጀመሪያው ልጅ ነው አሉ፤ አባትየው ሁለተኛ ስለሆኑ ከብት ያርቡ ተብለው ወደ አልበርታ ተላኩ። ከብቱ አልሆነላቸውም። ጌትነቱን ግን ይዘውት መጥተው፣ ይዘውት ኖረው፣ ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ቤት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ሞተዋል። "የአባቴ ክፍል አይጸዳም" አሉኝ ሚስተር ብራክስተን። የሚጸዳ ክፍል ሲቀነስልኝ ምን ከፋኝ? እሺ አልኩ።

ልጄ ናሆሚ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ካልጋሪ ነው። አባቷ ሥራ ፍለጋ ቶሮንቶ ሄዶ ሥራውንም ሌላ ሚስትም ስላገኘ የምተዋት ሰው የለኝም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንኖርበት ከራንድል በሲ-ትሬን ባቡር ይዣት እመጣለሁ። እሷና ሽማግሌው በቃላት ተዋደዱ። መስኮቱ ሥር ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ ሰው መናገር ከተወው ዘመን የሆነው የቆየ የእንግሊዝኛ ቃል ይሰጧታል፤ ትርጉሙን ያስረዷታል፤ እሷ ደግሞ እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ታገላብጠዋለች።

እኔም ልብስ እየተኮስኩ እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ፈረንጅ በአሮጌ ቃል የሚጠራው ሁሉ እኛም ነበረንና። "ቻምበርሊን" ሲሉ፣ ይሄማ እልፍኝ አስከልካይ ነው እላለሁ። "ሄራልድ" ሲሉ አዋጅ ነጋሪ። "ፊፍ" ማለት ጌታ ለሰውየው የሚሰጠው መሬትና ቤት ነው ሲሉ፣ ጉልት ነዋ! "ዳውጀር" የትልቅ ሰው ባለቤት ነች፤ ባሏ ሞቶ በስሙ የምትከበር። "ሊጅ" ጌታ ነው። "ቫሳል" ደግሞ ሁለት እጁን ገጥሞ በጌታው ሁለት እጆች መሃል አስገብቶ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ሰው ነኝ" ያለ አገልጋይ ነው። ይህን ሲያሳዩዋት የናሆሚን ትናንሽ እጆች በትልልቅ አጥንታም እጆቻቸው መሃል ያዙ። እሷ ሳቀች፣ እጃቸው በረዶ ነው ብላ።

"በእናንተ አገር እነዚህ መኳንንት አሁንም አሉ?" ብለው አንድ ቀን ጠየቁኝ።

"ደርግ ጨርሷቸዋል" አልኩ። "እዚህስ?"

"እዚህ አላለቁም" አሉና ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ። እኔም ቀና አልኩ። ያየሁት የተሰነጠቀ ቀለም ነው።

ናሆሚ ትምህርት ቤት ውስጥ በእነዚህ ቃላት መጻፍ ጀመረች፤ አስተማሪዋ ጠርታ ይህን ከየት አመጣችው ብላ ጠየቀችኝ። እኔማ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬን ፀሐይነሽን ጥግ አስይዤ "የልጄ እንግሊዝኛ የንግሥት እንግሊዝኛ ነው" አልኳት። ፀሐይነሽ ቀንታ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ አልደወለችልኝም።

በእኔ ቤት ግን የማይነካ ሕግ አለ። እዚህ የተወለደ ልጅ ሲጠራ "ዋት?" ይላል። ይህን ነገር ገና ከጥርሷ ጋር ነው የነቀልኩላት። ናሆሚ ስትጠራ መልሷ አንድ ነው፤ "አቤት!" ያውም ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ። ሰው ፊት፣ በተለይ ፈረንጅ ልጆች ባሉበት፣ ታፍራለች፤ ትሽኮረመምና ዝም ብላ ትመጣለች። ቤት ውስጥ ግን ድምፅዋ ግድግዳውን ያልፋል።

አንድ ቅዳሜ ከማእድ ቤት ጠራኋት፣ "አቤት ማሚ!" አለች። ሚስተር ብራክስተን የሻይ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"ምን አለች?"

ገባ ብዬ አስረዳኋቸው። ድሮ ሰው ጌታው ሲጠራው፣ ዳኛ ፊት ሲቆምም የሚለው ነው፤ ይኸው ከፊትዎ ነኝ፣ ይዘዙኝ እንደ ማለት ነው አልኳቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ከአንቺ በፊት ብዙ ሴቶች እዚህ ቤት ሠርተዋል" አሉ። "ሲጠሩ አንዷ 'ያ?' ትላለች፣ ሌላዋ 'ማነው?' ትላለች። እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ከልጅነቴ ወዲህ አልሰማሁም። ናሆሚ፣ እስቲ ድገሚው።"

ደገመችላቸው። ከላይ፣ ከማይጸዳው ክፍል፣ አንድ ነገር ሲጢጥ አለ። የቤቱ እርጅና ነው ብዬ ወደ ድስቴ ተመለስኩ። ሴቶቹን ይጠራቸው የነበረው ማን እንደሆነም አልጠየቅኩም፤ እሳቸው ናቸው ብዬ ነዋ።

ከዚያ በኋላ ልጄ ቤት ውስጥ እየሄደች ድንገት ቀጥ ማለት አመጣች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። "ማሚ፣ ጠራሽኝ?" ትለኛለች። አልጠራሁሽም። ደግሞ በሌላ ቀን፣ ጥርሷን እየቦረሸች፣ "ጠራሽኝ?" አልጠራሁሽም አልኩ! ጆሮዋን ሐኪም አሳየሁ፤ ጤነኛ ነው ተባለ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ፣ ባቡሩ ውስጥ፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ "ማሚ፣ ሄሪዮት ምን እንደሆነ ዱ ዩ ኖው?" አለችኝ።

"አላውቅም። ዛሬ የሰጡሽ ቃል ነው?"

"ያ። ቫሳሉ ሲሞት ነው፣ ላይክ፣ ጌታው ድርሻ አለው። ከሞተው ሰውዬ ቤት መጥቶ ይመርጣል። ቤት ውስጥ ነፍስ ካለው ነገር ሁሉ ዘ ቤስት ዋን። ፈረስ ወይም ላም። ሚስተር ብራክስተን ግን ፈረስ የለውም።"

"የላቸውም በይ። እና?"

"እና ሳቀ። 'አንቺ ትበቂያለሽ' አለኝ።"

"ጌታውስ ማነው?" አልኳት።

"አባቱ ነዋ። ላይ ያለው።"

"አባታቸው ሞተዋል፣ ናሆሚ።"

"አይ ኖው" አለችና ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ መስኮቱ ዞረች።

በሚቀጥለው ሰኞ ለኤጀንሲው ደውዬ ሌላ ሰው ፈልጉላቸው አልኩ። ሰው እስክናገኝ ታገሽ አሉኝ። ለሚስተር ብራክስተን ደግሞ ካልሲ እያጠለቅኩላቸው ልጄ ከእንግዲህ እዚህ አትመጣም አልኳቸው። አልተቆጡም። እየደከሙ ነበር፤ ከንፈራቸው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። "ትመጣለች" አሉኝ ቀስ ብለው። "በደንብ ያደገች ልጅ ነች፤ ስትጠራ ትመጣለች።"

የመጣችው በየካቲት፣ ቺኑክ የተባለው ሞቃት ነፋስ በረዶውን በአንድ ጥዋት ባቀለጠበት ቀን ነው። የሥራ ቀን ነው፤ ናሆሚ ትምህርት ቤት ናት። ሽማግሌው ማእድ ቤት ወንበራቸው ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው አንቀላፍተዋል። እኔ ምድር ቤት አንሶላ ከማጠቢያው እያወጣሁ ነው። ፀሐይ በትንሿ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች።

"ናሆሚ!" አለ ሰው፣ ከላይኛው ፎቅ።

የሴት ድምፅ ነው። መጨረሻውን ሳብ ያደርገዋል፣ ምግብ ሲቀዘቅዝ የሚጠራ ሰው እንደሚስበው። ድምፁን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሰምቶ አያውቅምና። የእኔ ነው። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። አፌ ዝግ ነው።

"ናሆሚ!"

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ልጄ እዚህ የለችም፣ ጉሮሮህ እስኪነቃ ጩህ አልኩ በሆዴ። ይህን ብዬ ሳልጨርስ የውጭ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ትናንሽ ቡትሶች ምንጣፉ ላይ ጭቃቸውን አራገፉ። የደብተር ቦርሳ መሬት ዱብ አለ።

እሷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስትጫወት ከመንገዱ ማዶ ጠራኋት። ተከትላ ባቡር ጣቢያ ስትደርስ ደግሞ ከፊቷ ካለው ሕዝብ መሃል ጠራኋት። ዳውንታውን ላይ ወርዳ አውቶቡስ ስትቀይርም ሁልጊዜ ትንሽ ከፊቷ ነበርኩ። ሰው ስላለ አፍራ አልመለሰችም። ዝም ብላ መጣች። አሁን ግን ቤት ገብታለች፤ የምታፍረው ሰው የለም።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እርጥቡን አንሶላ እንደታቀፍኩ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ፣ ልጄ ወደ ፎቅ በሚወስደው ደረጃ ሥር ቆማለች። አንድ እጇ መደገፊያው ላይ ነው። ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋለች።

"ናሆሚዬ…" አለ ከላይ። ይህኛው አጠራር ለሰው ፊት አይደለም። ሳስተኛት፣ ጸጉሯን እየዳበስኩ ብቻ የምጠራት ነው። ከየት አገኘው? ናሆሚ ፈገግ አለች፤ ልትመልስ አየር ሳበች።

"አቤት!" ብዬ ጮህኩ እኔ።

ድምፁ ቆመ። ከላይ አንድ ከባድ ሰው ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፤ የሚፈልገውን ያገኘ ሰው አቀማመጥ ነው። ወዲያው ከአንሶላው ሥር ሁለት እጆቼ ተገጣጠሙ፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ሌሎች ሁለት እጆች ያዟቸው። ትልልቅ ናቸው፣ ቀዝቃዛ ናቸው፣ አይታዩም። ጠበቅ አድርገው ያዙኝና ለቀቁኝ።

"ማሚ?" አለች ናሆሚ ዞር ብላ፣ ግራ ተጋብታ። "ላይ አልነበርሽም እንዴ?"

"እዚሁ ነበርኩ" አልኳት።

ማእድ ቤት ስገባ ሚስተር ብራክስተን ሞቷል። ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም። ፊቱ ላይ ሸክም ያወረደ ሰው ዕረፍት ነበረበት። ልጄን አውጥቼ በሩ ላይ ካቆምኳት በኋላ ተመልሼ፣ በአማርኛ፣ አፌ የቻለውን ሁሉ እርግማን አወረድኩበት። ከዚያ አምቡላንስ ጠራሁ።

ቀብሩ ዕለት አንድ ሽበታም ሰውዬ ከቫንኩቨር መጣ። ልጁ ነው። ልጅ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ቤቱ ውስጥ ሳንድዊች ይዞ እንደ እንግዳ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ቆመና አጠገቡ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ለእኔ ነገረኝ። ገና ጎረምሳ እያለ አባቱ ያለ ምክንያት ከቤት አስወጣው። ዳግመኛ ደጃፉን እንዳይረግጥ ከለከለው። ደብዳቤ ቢጽፍ አይመልስም፤ ቢመጣም በር አይከፍትም። "ለምን እንደጠላኝ ሳላውቅ ሞተ" አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሰው ሲሞት ጌታው ከቤቱ እንደሚመርጥ ያውቅ ነበር። የራሱን ልጅ አሸሸ። ለሞቱ ቀን የእኔን ልጅ አዘጋጀ፤ ቃሉን እንደ ከረሜላ እያጎረሰ። በአንድ በኩል ሬሳውን ከሳጥኑ ጎትቼ ማውጣት አማረኝ። በሌላ በኩል ደግሞ ሽበታሙ ልጅ አሳዘነኝ። "ይወድህ ነበር" አልኩት በዚያ በተለቃቀመ እንግሊዝኛዬ። በምሬት ሳቀና ሳንድዊቹን አስቀመጠ።

ነገሩ ማውንት ሮያል የቀረ መስሎኝ ነበር። በጸደዩ፣ ራንድል፣ ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ናሆሚ ትምህርት ቤት እያለች፣ ከፎቅ "ማሚ!" ብላ ጠራችኝ። የእሷው ድምፅ ነው፤ ያቺው ትንሽ ጎርነን ያለችው። አልተታለልኩም። ግን እኔ ካልመለስኩ በእኔ ድምፅ እሷን ይጠራል። ቢላዋውን አስቀመጥኩ፣ "አቤት" አልኩ፣ ወጣሁ። መኝታ ቤቴ ውስጥ ማንም የለም። የአሮጌ ሱፍና የትምባሆ ሽታ አለ። እጄን አጣምሬ፣ መሄድ እንደምችል እስኪሰማኝ ድረስ ቆምኩ። ከዚያ ወርጄ ሽንኩርቴን ጨረስኩ።

አገልግሎቱ ይኸው ነው። የቫሳል ቤት የጌታው ቤት ስለሆነ ጌታው ተከትሎኝ መጥቷል። ጠበል ረጭቻለሁ። ቄስም አስመጥቼ ጸሎት አስደርሻለሁ፤ ሲጸልዩ ጸጥ ይላል፣ ጫማቸውን አድርገው ሲወጡ ይጠራኛል። ሰው ሁሉን ይለምዳል፤ እኔም ለመድኩት። የማልለምደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔም በተራዬ ሟች መሆኔ። ስሞት ደግሞ ይመርጣል። በእኔ ቤት ውስጥ ደግሞ ከናሆሚ የሚበልጥ ነፍስ ያለው ነገር የለም።

ዘጠና ዘጠኝ ላይ ናሆሚ ሃይስኩል ጨረሰች። ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እንደ ማንኛውም የሀበሻ ልጅ ከእኔ ጋር እየኖረች ልትማር አስባለች፤ መኝታ ቤቷን ቀለም ልትቀባ ሁሉ ቀለሙን ገዝታለች። በዚያው በጋ ሐኪሙ ልቤ ደህና አለመሆኑን ነገረኝ። ረጅም ጊዜ አልሰጠኝም።

ክፉ ሆንኩ። ምግብሽን ራስሽ ሥሪ አልኳት። ሬንት ክፈይ አልኳት። ጓደኞቿን ከበር መለስኩ። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ቀጥሎ ተቆጣች። በመጨረሻ ውጪልኝ አልኳት። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰና ፀሐይነሽ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጮኸችብኝ።

"ፈትሌ፣ አብደሻል? ሀበሻ ልጁን ያስወጣል እንዴ? ያውም ሴት ልጅ!"

"ያለነው የፈረንጅ አገር ነው። አሥራ ስምንት ከሞላች ትውጣ" አልኳት።

"አንቺ ልብ የለሽም" አለችኝ። "ልብ አለኝ፤ የታመመውም እሱ ነው" አላልኳትም።

ለናሆሚ እውነቱን ለምን እንዳልነገርኳት ሰው ይጠይቅ ይሆናል። ብነግራት እኔ ያደረግኩትን ታደርጋለች። እኔ ስጠራ ቀድማ ትመልሳለች፣ በእኔ ፋንታ እጇን ትሰጣለች። ልጄ ናት፤ አውቃታለሁ።

የነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የጓደኛዋ መኪና ደጃችን ቆመ። ሻንጣዎቿን ራሷ አወረደች። ስትጨርስ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል፣ "እማዬ፣ ምን አደረግኩሽ?" አለችኝ። እማዬ ብላኝ አታውቅም።

አቅፌያት ብሞት ደስ ይለኝ ነበር። በዓለም ላይ የምወዳት እሷን ብቻ ነው። "ምንም አላደረግሽም" አልኳት፣ በሩን እንደያዝኩ። "ብቻ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እንዳትገቢ። ታመመች ሲሉሽም አትምጪ።"

"ብትሞቺስ?"

"ያኔ ጭራሽ አትግቢ። ሌላ ሰው ያውጣኝ።"

የማታውቀውን ሰው እንደምታይ አየችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ሄደች። በሩን ቆልፌ በመጋረጃው ጠርዝ አየኋት። መኪናው ውስጥ ገብታ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ጓደኛዋ ትከሻዋን ያዘቻት። መኪናው ተነሥቶ ወደ ሰንሪጅ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

"እማዬ!" አለ ከፎቅ፣ እያለቀሰች ባለች ልጅ ድምፅ።

"አቤት" አልኩና ወጣሁ።